ሠላሳ ሺህ ብሩን ለወንድምሽ መልሺለት

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከደሴ ነው። ረጅም ስለነበር አሳጥሬዋለሁ፣ ጸሐፊዋም ስሟ እንዳይወጣ ጠይቃለች።

«ጋሼ፣ 27 ዓመቴ ነው። ቀን ቀን ፎቶ ቤት እሠራለሁ። ቅዳሜና እሑድ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በደሴና በሐይቅ ዙሪያ እየዞርን የአዛውንቶችን መንዙማ እንቀዳለን። ሦስት ዓመት ሆነን። የጀመርኩት ከአያቴ ነው። አያቴ ከ40 በላይ መንዙማ በቃሏ ታውቃለች፣ እኔ እስካሁን የቀዳሁት 9 ብቻ ነው፣ ዘንድሮ ደግሞ ግጥሙ መሐል ላይ እየጠፋባት ‹ቆይ ልጄ› ትላለች። ለኪነ ጥበብ ድጋፍ የሚሰጡ የውጭ ድርጅቶች ጋ በሁለት ዓመት ውስጥ ሰባት ቦታ አመለከትኩ። አምስቱ ‹እናዝናለን› አሉኝ፣ ሁለቱ መልስም አልሰጡኝም። አሁን አዲስ አበባ ያለ አንድ ሰው ፕሮፖዛሉን እኔ ልጻፍልሽ፣ 30 ሺህ ብር በቅድሚያ፣ ገንዘቡ ሲገባ ደግሞ 15 ፐርሰንት አለኝ። ወንድሜ አበድሮኛል። ልስጠው? ወይስ ሰው ከሌለሽ አይሆንም የሚሉት እውነት ነው? ፕሮፖዛሌን አያይዣለሁ። እባክዎ ሳያሽሞነሙኑ ይንገሩኝ።»

እህቴ፣ በእናንተው አገር ቃል ልጀምር፤ አብሽሪ። ቀጥሎ ያለው መልሴ ግን አጭር ነው፤ ሠላሳ ሺውን አትስጪው።

ሰውየውን አላውቀውም፣ ሌባ ነውም አላልኩም። ፕሮፖዛል መጻፍ ሥራ ነው። በቁርጥ ዋጋ ተስማምተው እንግሊዝኛውን የሚያስተካክሉ፣ በጀቱን የሚያዩልሽ ደህና ሰዎች አሉ። እኔን ያስደነገጠኝ ፐርሰንቱ ነው። ገንዘብ በማሰባሰብ የሚተዳደሩ ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር አላቸው፤ ማኅበሩ በሥነ ምግባር ደንቡ አባሎቹን ከሚከለክላቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው፣ ከተገኘው ገንዘብ በመቶኛ መቁረጥ። ለምን እንደሆነ ራስሽ አስቢው። 5 ሺህ ዩሮ ብታገኚ 750ው የእሱ ነው። ሪፖርት ስታቀርቢ ይህን 750 የት ታስገቢዋለሽ? «ልዩ ልዩ» ውስጥ? ሰጪው ለመንዙማ ብሎ ነው የሰጠሽ። ደግሞ ለመጨረሻ ዙር ያለፉትን በዙም የሚያናግሩ አሉ፤ «ገጽ አራት ላይ እንዲህ ብለሻል» ሲሉሽ፣ የጻፈው ሌላ ሰው ከሆነ ዓይንሽ ጣሪያ ጣሪያ ነው የሚያየው።

ከዚያ ሁሉ በላይ ግን፣ ሰውየው ሊጽፍልሽ የሚችለውን ነገር አንቺ ቀድመሽ ጽፈሽዋል። የጻፍሽው ለእኔ በላክሽው ደብዳቤ ላይ ነው፤ ፕሮፖዛሉ ላይ የለም።

ላሳይሽ። የፕሮፖዛልሽ አከፋፈት ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ «ኢትዮጵያ የብዙ ብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች አገር፣ የሰው ዘር መገኛና የረጅም ዘመን ታሪክ ባለቤት ስትሆን፣ ይህ ፕሮጀክት የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶችን በመጠበቅ ለዘላቂ ልማት፣ ለሰላም ግንባታና ለወጣቶች የሥራ ዕድል ፈጠራ የበኩሉን አስተዋጽኦ ያበረክታል።» ሉሲም ሁለተኛው አንቀጽ ላይ አለች። መንዙማ የሚለው ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣው ገጽ ሦስት ላይ ነው። አያትሽ ደግሞ ገጽ አራት ላይ፣ ሠንጠረዥ ውስጥ፣ «የ81 ዓመት ሴት ተጠቃሚ» ሆነው ቁጭ ብለዋል። ተጠቃሚ! የሚያውቁት እሳቸው፣ የምንጠቀመው እኛ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ አነስተኛ የኪነ ጥበብ ፈንድ አንባቢ ሆኜ ነበር። 140 ማመልከቻ በሁለት ሳምንት። ማታ ማታ ከሥራ መልስ፣ ሶፋ ላይ ተጋድሜ፣ ሻዬን ይዤ፣ በቀን አሥር አሥር። ለአንዱ ቢበዛ ስምንት ደቂቃ ነው የምትሰጪው፣ ከዚያ በላይ ዓይንም ልብም የለም። ሦስተኛው ቀን ላይ «ኢትዮጵያ የብዙ» የሚል ነገር ሳይ ወደ ሁለተኛው ገጽ መዝለል ጀመርኩ። ክፋት አልነበረም፤ ድካም ነው። በአሥረኛው ቀን ግን አንዱ ማመልከቻ «የሰፈራችን አንጥረኛ ዓይኑ ከመድከሙ በፊት» ብሎ ሲጀምር ሻዩን አስቀምጬ ተነሥቼ ተቀመጥኩ። በጀቱ የተዘበራረቀ ነበር፣ እንግሊዝኛውም ያነክሳል። ከሌሎቹ ዳኞች ጋር ተከራከርኩለት፣ አለፈ።

ያንቺን እኔ ብጽፈው እንዲህ ነው የምጀምረው፣ ቃሉ ሁሉ ካንቺው የተወሰደ ነው፦ «አያቴ 81 ዓመቷ ነው። ከ40 በላይ መንዙማ በቃሏ ታውቃለች። 9ኙን ቀድቻለሁ። ዘንድሮ ግጥሙ መሐል ላይ እየጠፋባት ነው። በሚቀጥሉት ስምንት ወራት እኔና ሁለት ጓደኞቼ የእሷንና በደሴና በሐይቅ ዙሪያ ያሉ የሌሎች ስድስት አዛውንቶችን መንዙማ እንቀዳለን፣ ግጥሙን በጽሑፍ እናሰፍራለን፣ ቅጂውንም ለየቤተሰቡ እንመልሳለን።»

በቃ። ማን፣ ምን፣ የት፣ ስንት፣ መቼ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለምን ዘንድሮ። ሰጪዎቹ ብዙ ጊዜ «ይህ ሥራ ለምን አሁን?» ብለው ይጠይቃሉ፤ አንቺ እዚያ ቦታ ላይ ስለ ግሎባላይዜሽን አንድ ገጽ ሙሉ ጽፈሻል። «ቆይ ልጄ» የምትለዋ ትበቃ ነበር።

ከዚያ በኋላ መንዙማ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ንገሪው፣ ግን በአራት በአምስት መስመር። በወሎ በአማርኛና በዓረብኛ የሚባል የውዳሴ ግጥም መሆኑን፣ በእነ ዳናና ጃማ ንጉሥ ባሉ የዕውቀት ማዕከላት በኩል ትውልድ ለትውልድ እንደተላለፈ፣ እንደ ሼኽ ጦልሃ ያሉ ሊቃውንት የአማርኛውን ግጥም በዓረብኛ ፊደል፣ በአጀሚ ጽፈው እንዳስቀመጡ። ይቺ አጀሚ የምትባለዋ ነገር ውጭ አገር ያለ አንባቢን ቀጥ አድርጋ ታስቀምጠዋለች። ፕሮፖዛልሽ ውስጥ አንድም ቦታ የለችም። ሉሲን አውጪና አጀሚን አስገቢ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ እንግሊዝኛሽን በቻትጂፒቲ እንዳሳመርሽ ያስታውቃል። መጠቀሙን አልነቅፍም፤ ሰዋስው ያስተካክልልሽ። ግን እሱ እጅ የገባ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ ይወጣል፣ አሁንም ማመልከቻ የሚያነቡ ጓደኞቼ «ዘንድሮ ሁሉንም አንድ ሰው የጻፈው ይመስላል» እያሉ ነው። አንቺ መጀመሪያ በአማርኛ ጻፊው፣ ለእኔ እንደጻፍሽው አድርገሽ፤ ከዚያ አስተርጉሚው።

አሁን ወደ ሰባቱ ቦታዎች እንምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣሽ ነው። ስማቸውን ዘርዝረሽልኛል። ሦስቱ ገና ከመነሻው አንቺን የሚመለከቱ አይደሉም፣ እና የእነሱን «እናዝናለን» ከሽንፈት አትቁጠሪው።

አንደኛው የዓረብ የኪነ ጥበብና የባህል ፈንድ ነው፣ አፋክ የሚሉት። ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ፣ የተከበረ ፈንድ ነው። ግን ለዓረቡ ዓለም አርቲስቶች ነው። ሱዳናዊ ብትሆኚ፣ ጅቡቲ ብትወለጂ፣ እሺ። መንዙማው ውስጥ ዓረብኛ ስላለ ይሆናል ብለሽ አስበሽ ይሆናል፤ እነሱ የሚያዩት ፓስፖርቱን ነው።

ሁለተኛው የዩኔስኮ ዓለም አቀፍ የባህል ብዝኃነት ፈንድ ነው። እስከ 100 ሺህ ዶላር ይሰጣል፣ ቁጥሩ ስቦሽ ነው። ግን ለግለሰብ አይሰጥም። የመንግሥት ተቋም ወይም የተመዘገበ ድርጅት ነው የሚያመለክተው፣ እሱም መጀመሪያ በአገር ውስጥ በዩኔስኮ ብሔራዊ ኮሚሽን በኩል ይጣራል። ደግሞ ይህ ፈንድ የቆመው በ2005ቱ (እ.ኤ.አ.) የዩኔስኮ ስምምነት ላይ ነው፤ ያ ስምምነት ልቡ የፊልም፣ የሙዚቃ፣ የኅትመት ገበያና ፖሊሲ ላይ ነው። የማይዳሰስ ቅርስን የሚመለከተው የ2003ቱ ስምምነት ነው። ሁለቱም የዩኔስኮ ስለሆኑ ሰው ያምታታቸዋል። እኔም አምታትቼ ነበር።

ሦስተኛው የብሪቲሽ ላይብረሪው ለአደጋ የተጋለጡ መዛግብት ፕሮግራም ነው። ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብዙ አገሮች የእጅ ጽሑፍ በዲጂታል ያስቀረጸ ፕሮግራም ነው፣ ኢትዮጵያም ውስጥ ሠርቷል። ግን የሚፈልገው ቀድሞ ያለ ሰነድ ነው፤ አንቺ አዲስ ቅጂ ልሥራ ነው የምትይው፣ አዲስ የቃል ቀረጻ እነሱ አይደግፉም። እነዚህን ሁሉ መስፈርቶች ለማንበብ ሃያ ደቂቃ ይበቃ ነበር። አንቺ ሰባቱንም ለመሙላት ስንት ሌሊት እንዳጠፋሽ አስቢው።

ታዲያ የት? ሁለት ነገር ብቻ ልጠቁምሽ፣ ጥሪዎቹ በየዓመቱ ስለሚለዋወጡ የዘንድሮውን መስፈርት ከራሳቸው ገጽ ላይ አንብቢ።

የመጀመሪያው አምስተርዳም ያለው የፕሪንስ ክላውስ ፈንድ ነው፣ በ1996 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ። «ሲድ አዋርድ» የሚሉት አለ፤ ዘር እንደማለት ነው። በዓመት ለ100 ጀማሪ አርቲስቶች ለእያንዳንዳቸው 5 ሺህ ዩሮ። ለግለሰብ ይሰጣል። ሙያ ከጀመሩ አንድ እስከ አምስት ዓመት ለሆናቸው ነው የታሰበው፣ አንቺ ሦስተኛ ዓመትሽ ነው። ደግሞ የዚህ ልዩነቱ ብሩን በዚህና በዚህ አውዪ ብለው አያስሩሽም፤ ሰውየውንና ሥራውን አምነው ነው የሚሰጡት። ከብዙ አገር በሺዎች ያመለክታሉ፣ ስለዚህ ተስፋሽን ሁሉ እዚያ አትጣዪ። ግን ይህኛው ቢያንስ አንቺን የሚመለከት በር ነው። ሥራሽን ያዩታልና ከ9ኙ ቅጂ ምርጡን ሁለት ደቂቃ ቁረጪና አስቀድሚ። የ40 ደቂቃ ፋይል ልከሽ «ከ17ኛው ደቂቃ ጀምሮ ይሰማ» አትበያቸው፤ ማንም አይሰማውም። ለእኔ እንደሱ ነው የላክሽልኝ፣ እኔ ሥራዬ ስለሆነ ሰማሁት፣ እና ከ17ኛው ደቂቃ በኋላ ያለው በእውነት ፀጉር ያቆማል።

ሁለተኛው ያላሰብሽው ነገር ነው። ደብዳቤሽ መሐል ላይ በነገር ማለፊያ «የአጎቴ ሱቅ ውስጥ በሁለት ማዳበሪያ ሙሉ የድሮ የመንዙማ ካሴት አለ፣ አይጥ እየበላው ነው» ብለሻል። እህቴ! የእኔ ዓይን የቆመው እዚያ ላይ ነው። ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ የሚያስተዳድረው፣ ለአደጋ የተጋለጡ ዘመናዊ መዛግብትን የሚደግፍ ፕሮግራም አለ። የ20ኛውና የ21ኛው ክፍለ ዘመን ነገር ነው የሚፈልገው፤ ፎቶ፣ ፊልም፣ ጋዜጣ፣ የድምፅ ካሴት። ለጥናትና ለዝግጅት እስከ 15 ሺህ ዶላር፣ ለሙሉ ሥራ እስከ 50 ሺህ ሲሰጥ ቆይቷል። እሱን ለብቻሽ አትችይውም፣ ተቋም ያስፈልግሻል፣ ዩኒቨርሲቲም ይሁን ቤተ መጻሕፍት። ለሚቀጥለው ዓመት ያዢው። ለዛሬ ግን ማዳበሪያዎቹን ከመሬት አንሥተሽ ከፍ ያለ ደረቅ ቦታ አስቀምጪና ካሴቶቹን አንድ በአንድ ቁጠሪ፣ ላያቸው ላይ የተጻፈውን በደብተር መዝግቢ። ይህ ምንም ብር አይጠይቅም፣ ያለዚያ ዝርዝር ደግሞ ማንም አያናግርሽም።

አገር ውስጥም አትርሺ። አዲስ አበባ ያሉት ጎተ ኢንስቲትዩትና አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ ብር ባይሰጡሽ እንኳ መድረክና አዳራሽ ሊሰጡ ይችላሉ፣ አንድ ምሽት እዚያ ማቅረብሽ ደግሞ ለሚቀጥለው ማመልከቻ ምስክር ነው። የድርጅት ስፖንሰር ያልሽውን ግን እርሺው። የቢራ ፋብሪካ ለመንዙማ ስፖንሰር ሲሆን አያሳየኝ።

ወደ በጀትሽ። 50 ሺህ ዶላር ጠይቀሻል። ሦስት ላፕቶፕ፣ የአንድ ዓመት የቢሮ ኪራይ፣ ድሮን፣ «ያልታሰበ ወጪ 10 ፐርሰንት»። እስካሁን በእጅሽ ያለፈው ትልቁ ገንዘብ ስንት ነው ብለው ሲጠይቁሽ 18 ሺህ ብር ብለሽ ሞልተሻል፤ ሐቀኝነትሽን ወድጄዋለሁ፣ ግን ከ18 ሺህ ብር ወደ 50 ሺህ ዶላር መዝለልሽን አንብቦ የማይፈራ ሰው የለም። ድሮኑ ለምንድነው? አያትሽን ከላይ ልትቀርጫቸው ነው?

በአምስት ሺህ ዩሮ ልክ ቀንሺው። እያንዳንዱ መስመር ስንት ጊዜ፣ በስንት ዋጋ የሚለውን ያሳይ። «ትራንስፖርት» ብለሽ ድፍን ቁጥር አትጻፊ። አንቺው እንደነገርሽኝ መኪና በቀን 7 ሺህ ብር ከሆነ፣ 12 ቀን በ7 ሺህ፣ 84 ሺህ ብር። ለሰባቱ አዛውንቶች፣ ለእያንዳንዳቸው ሦስት ቀን፣ በቀን 3 ሺህ፣ 63 ሺህ ብር። ይቺን ሁለተኛዋን መስመር እኔ ነኝ የጨመርኩት፣ ምክንያቱም በ50 ሺህ ዶላሩ በጀት ውስጥ ለአዛውንቶቹ የተያዘ አንድም ሳንቲም አላገኘሁም። አንባቢው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው፣ የባለ ሞያው ስም ሽፋኑ ላይ ሆኖ ብሩ ሁሉ ለላፕቶፕ ሲሄድ።

የእናንተን መዋጮም ጻፉ። የጓደኛሽ ሪከርደር፣ የሦስት ዓመት ቅዳሜና እሑድ፣ የአጎትሽ ቤት፤ ተምናችሁ «የራስ መዋጮ» በሚለው ሥር አስገቡት። እኛ አበሻዎች ይህን ማሳየት እናፍራለን። ስስት እንዳይመስልብን ነው መሰለኝ።

ስለ ጫቱም ልንገርሽ። «ጫትና ቡና» ብለሽ በግልጽ መጻፍሽን ሳይ ብቻዬን ሳቅኩ። የመንዙማ ቤት ያለ እሱ እንደማይደምቅ ይገባኛል። ግን የኔዘርላንድስ መንግሥት ጫትን በ2013፣ የእንግሊዝ ደግሞ በ2014 እ.ኤ.አ. ከልክለውታል፤ አምስተርዳም ያለ የሒሳብ ሠራተኛ ያንን ደረሰኝ ምን ያድርገው? ቡናውን «መስተንግዶ» ብለሽ ያዢ፣ ጫቱን ከራሳችሁ ኪስ። መስተንግዶ ብለሽ ጽፈሽ ውስጥ ውስጡን ጫት ግዢበት እያልኩሽ አይደለም፣ በኋላ ጋሼ ነው ያለኝ እንዳትዪ።

ምንዛሬውንም አትዝለዪው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በዚያ ሰሞን በብር በጀት ሠርተው ዕቃ ከውጭ ለመግዛት ያሰቡ የማውቃቸው ልጆች ግማሹን ትተው ነው የገዙት። ስለዚህ በጀትሽ ግርጌ ላይ «በዚህ ቀን፣ በዚህ ባንክ ዋጋ» ብለሽ ጻፊ፣ ውሉም በየትኛው ገንዘብ እንደሆነ ከመፈረምሽ በፊት ጠይቂ።

ደረሰኝ ገጠር የለም። ይህን ከመጀመሪያው ንገሪያቸው። ስም፣ መጠን፣ ቀን፣ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ፣ የአንድ ምስክር ስም ያለበት ቀላል የክፍያ ቅጽ አዘጋጅተሽ «ይህ ይበቃችኋል ወይ?» ብለሽ ብሩ ሳይመጣ በኢሜይል አስጸድቂ። ብሩ አልቆ ሪፖርት ሲደርስ ከጠየቅሽ ረፍዷል።

ስለ ሕጋዊ ሰውነት ጠይቀሻል። ለግለሰብ የሚሰጥ ከሆነ አያስፈልግሽም። ድርጅት ለሚፈልጉት ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ራሳችሁ ማኅበር ሆናችሁ መመዝገብ ነው፣ ለዚያ ቢያንስ አምስት አባል ያስፈልጋል፣ እናንተ ሦስት ናችሁ። ደግሞ ከተመዘገባችሁ በኋላ በየዓመቱ ሪፖርትና ኦዲት አለ፤ ለዘጠኝ ቅጂ ብላችሁ አትግቡበት። ሌላው የተመዘገበ ማኅበር አግኝቶ በእሱ ስም ማመልከት ነው። ይህን ስታደርጊ ብሩ ማን አካውንት እንደሚገባ፣ እነሱ ለአስተዳደር ስንት እንደሚይዙ፣ ቅጂው የማን እንደሆነ በወረቀት ጻፉት። በወዳጅነት ተጀምሮ በወረቀት እጦት የተበላሸ ስንት ሥራ አይቻለሁ፤ የራሴም አንድ አለበት፣ ሌላ ቀን አወራዋለሁ።

ስምሽን ደግሞ እዪው። መሐመድን ስንት ዓይነት አድርገን በእንግሊዝኛ እንደምንጽፈው ታውቂያለሽ፤ ፓስፖርቱ ላይ በኦ፣ ባንክ ደብተሩ ላይ በዩ፣ ፋይዳው ላይ በኢ። ፎርሙ ላይ «የቤተሰብ ስም» ሲልሽ የአባትሽን ስም ነው የምትሞይው፣ ግን ከባንክ ሒሳብሽ ጋር ፊደል በፊደል አንድ ይሁን። ብር ባሕር ተሻግሮ መጥቶ በአንዲት ፊደል ምክንያት ተመልሶ ሲሄድ አይቻለሁ።

ሰዓቱም። ማብቂያው በአምስተርዳም 23፡59 ከሆነ በክረምታቸው በእኛ ከሌሊቱ 7፡59፣ በበጋቸው 6፡59 ነው። እኔ አንድ ጊዜ «12፡00» የሚለውን በእኛ አቆጣጠር አንብቤ ማታ 12 ሰዓት ላይ ተዝናንቼ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። የእነሱ እኩለ ቀን ነበር። አንድ ወር ሙሉ የሠራሁት፣ «ጥሪው ተዘግቷል» የሚል ቀይ ጽሑፍ። ካንቺ ይልቅ ኮኔክሽኑን ፍሪ፣ ከሁለት ቀን በፊት ላኪው።

አሁን ያቺ ዋናዋ ጥያቄሽ፤ «ሰው ከሌለሽ አይሆንም?» ሳያሽሞነሙኑ ይንገሩኝ ብለሻል። እኔ በተቀመጥኩበት ዳኝነት ላይ ስልክ ተደውሎ ይህን አሳልፉ የተባለበት ጊዜ የለም። ግን ሰው ማወቅ አይረባም ብልሽ እዋሻለሁ። ለሥራሽ የሚመሰክር ሰው ስም ይጠይቁሻል፣ አዲስ አበባ ያለ ልጅ የሚያውቀው ብዙ ነው፣ ደሴ ያለ ትንሽ ነው። በዝግጅት ላይ ተገናኝቶ ሻይ የጠጣ ሰው ፎርሙ ሲወጣ ቀድሞ ይሰማል። ይህ ዝምድና ሳይሆን ርቀት ነው፣ ጉዳቱ ግን ያው ነው። የምትችይው ምስክር ማበጀት ነው። አንድ የዩኒቨርሲቲ የታሪክ ወይም የፎክሎር መምህር ፈልገሽ ቅጂሽን አሰሚው። አንድ ሼኽ ፈልጊ፣ ሥራችሁን የሚያውቁ፣ ሁለት መስመር በአማርኛ ይጻፉልሽ፣ አንቺ አስተርጉሚው። ጥሪው ላይ ያለውን የፕሮግራሙን ኃላፊ ደግሞ አጭር ጥያቄ በኢሜይል ጠይቂ፣ «በግለሰብ ደረጃ ሆኜ የቃል ቅርስ ቀረጻ ባመለክት ይመለከተኛል?» ብለሽ። ይመልሳሉ። አንቺ ይህን አድርገሽ ቢሆን ሦስቱን ሳትሞዪ ትተርፊ ነበር።

ማመልከቻሽ ተቀባይነት አግኝቷልና የማስኬጃ 200 ዶላር ላኪ የሚል ኢሜይል ከመጣሽ ደምስሺው። ብር ሊሰጥ የሚፈልግ ብር አይጠይቅም።

አንድ የቀረኝ አለ፣ እሱን ከሁሉም በፊት ማንሣት ነበረብኝ። ፈቃድ። ደብዳቤሽም ፕሮፖዛልሽም ውስጥ አዛውንቶቹ ቅጂው የት እንደሚሄድ ያውቁ እንደሆነ የሚል ነገር አላየሁም። የቅጂ መብት አዋጃችን፣ ቁጥር 410/1996፣ ለከዋኙም መብት ይሰጣል። ሰጪዎቹም ይጠይቁሻል። ግን ከሕጉ በፊት፣ በሐድራ፣ መንዙማ በሚባልበት የጸሎት ስብሰባ፣ ውስጥ የሚባለው ሁሉ ለዩቲዩብ የሚሆን አይደለም፣ ይህን ካንቺ በላይ አያትሽ ያውቃሉ። ማይኩን ከከፈትሽ በኋላ፣ መንዙማው ሳይጀመር፣ ጠይቂያቸው፤ ስማቸውን ይንገሩ፣ ለማን መሰማት እንደሚችል፣ የቱ ከቤት እንዳይወጣ በራሳቸው ድምፅ ይናገሩ። ያ ድምፅ ፊርማም ነው፣ ለፕሮፖዛልሽም ከየትኛውም አንቀጽ ይበልጣል።

ሠላሳ ሺውን ለወንድምሽ መልሺለት። ወይም ከእሱ ላይ የአንድ ቀን መኪናሽን ሰባት ሺህ ብቻ ተበደሪና በዚህ ቅዳሜ አያትሽ ጋ ሂጂ። ገና ያልቀዳሽው ከሠላሳ በላይ ነው፣ ለዚያ የማንም ውሳኔ አያስፈልግም።